የኪልበርን ጸራቢዎች

በእንግሊዝ አገር፣ በሰሜን ዮርክሻየር፣ በጎኑ ግዙፍ ነጭ ፈረስ ከተሣለበት ኮረብታ ግርጌ ኪልበርን የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ በዚያም የቶምሰን ቤተ ዘመድ የጽርበትን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እያወረሰ የኦክ ዕቃ ሲሠራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስሙን ያስጠራው ሮበርት ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1876 ከመንደሩ አናፂ ተወለደ። በ15 ዓመቱ የመካኒክ ሙያ እንዲማር ወደ ክሌክሂተን ቢላክም፣ ሲመላለስ በሪፐን ካቴድራል እየገባ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተቀረጹትን የመዘምራን መናብርት ይመለከት ነበርና፣ ልቡ ወደዚያ ስላደላ ብረቱን ትቶ በ20 ዓመቱ ወደ አባቱ ተመለሰ። በ1919 የአምፕልፎርዝ ገዳም መነኩሴ አባ ፖል ኔቪል ለመካነ መቃብራቸው የኦክ መስቀል አዘዙት፤ ከዚያ ወዲያ የገዳሙ ትምህርት ቤት ዕቃ በእጁ ሆነ።

ሥራው የሚጀመረው በመጠበቅ ነው። ግንዱ ተሰንጥቆ ሳንቃ ከሆነ በኋላ በየመካከሉ ነፋስ እንዲመላለስ ቀጫጭን ርብራብ እየገባለት ከደጅ ይከመራል፤ ለአንድ ኢንች ውፍረትም አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። በእሳት ፈጥኖ ማድረቅ ለነጋዴ ይጠቅም ይሆናል፤ ሳይሰክን የተሠራ ጠረጴዛ ግን ኋላ ሲጣመም ባለቤቱን ያሳፍራል። የተገጣጠመው ዕቃ በዝግ ክፍል በአሞኒያ ትነት ሲታጠን፣ እንጨቱ በባሕርዩ ከያዘው ታኒን ጋር ተዋሕዶ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል።

የጠረጴዛው ገጽ በመላጊያ ልሙጥ ሆኖ አይቀርም፤ ስለቱ ወደ ጎን በዞረ መጥረቢያ በትንሽ በትንሹ ስለሚጠረብ፣ ነፋስ እንደ ነካው ኩሬ ስልቱን የጠበቀ ሞገድ ይታይበታል፤ መዳፍ ሲያልፍበትም ጎድጎድ ማለቱ ይታወቃል። ገዢ ሁሉ አስቀድሞ በዕቃው ላይ የምትቀረጸውን አይጥ ይፈልጋል፤ እኔ ግን የቶምሰን እጅ እውነተኛ ፊርማ ይህ ሞገድ ይመስለኛል።

አይጧም ታሪክ አላት። ቶምሰን ራሱ እንደ ተናገረው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ይዘው ሲቀርጹ ባልንጀራው “እንደ ቤተ ክርስቲያን አይጥ ደኸየን” ሲል ቢያማርር፣ ቶምሰን እዚያው ላይ አይጥ ቀረጸ፤ ምልክቱም ሆና ቀረች። ከዚያው ከዕቃው እግር ወይም ጠርዝ እንጨት ትቀረጻለች እንጂ ተለጥፋ አትሠራም። የመጀመሪያዎቹ የፊት እግር ነበራቸው፤ እግሮቹ እየተሰበሩ ስላስቸገሩ ግን ቀሩ።

ቶምሰን በ1955 ሲያርፍ የልጅ ልጆቹ ሥራውን ተረከቡ፤ ከእርሱ ዘንድ ተምረው የወጡት ደግሞ በየፊናቸው ሱቅ ከፍተው ሌላ ሌላ እንስሳ መረጡ። ስለዚህ በዮርክሻየር ያረጀ የኦክ ወንበር የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጎንበስ ብሎ በእግሩ ላይ ያለችው አይጥ ትሁን ሽኮኮ ያያል፤ የፊት እግር ያላት አይጥ ከሆነች ዋጋው ሌላ ነው።