በረዶ የማያቀልጠው መብራት

አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል በብርዱ ወራት በሚኒሶታ፣ በዋዮሚንግ ወይም በኮሎራዶ ያለፈ ሹፌር ይህን ያውቀዋል። በረዶ እየጣለ ጥቂት እንደተጓዘ መንገዱ እየደበዘዘ ይመጣል። ጭጋግ የወረደ ይመስለዋል። ዳር ይዞ ወርዶ ሲያይ ግን ኤልኢዲ (LED) የሆኑት የፊት መብራቶቹ ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል። አምፖሉ እንደበራ ነው፤ ብርሃኑ ከበረዶው ሥር ታፍኗል።

ይህ የሚሆነው ኤልኢዲ መብራት ደካማ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ከድሮው የሃሎጅን አምፖል የበለጠ ያበራል፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክም ያነሰ ነው። ነገሩ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። የሃሎጅን አምፖል የሚያበራው በውስጡ ያለው የተንግስተን ክር ከ2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ነው። የተለመደው አጭር መብራት 55 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ከዚህ ውስጥ ብርሃን የሚሆነው ጥቂቱ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል፤ ብዙውም ዓይን በማያየው ጨረር ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ወጥቶ የመብራቱን መሸፈኛ ያሞቃል። መሐንዲሶች እንደ ብክነት የሚቆጥሩት ይህ ሙቀት ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያዘው በረዶ ሲያቀልጥልን ኖሯል።

ኤልኢዲም ይሞቃል፤ አይሞቅም የሚባለው ትክክል አይደለም። ብርሃኑን የምታወጣው የሴሚኮንዳክተር ቅንጣት ግን ከልክ በላይ ከጋለች ስለምትጎዳ፣ ሠሪዎቹ ከጀርባዋ ሙቀት የሚስብ አሉሚኒየም፣ አንዳንዴም ትንሽ ማራገቢያ ይገጥሙላታል። ሙቀቱ በኋላ በኩል ይወጣል። ፊተኛው መሸፈኛ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ከሌሎች መኪኖች ጎማ የሚረጨው የቀለጠ በረዶ እዚያው ላይ ተለጥፎ ይጋገራል።

የትራፊክ መብራቶችም ከዚህ አላመለጡም። የአሜሪካ ከተሞች ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ መብራቶቻቸውን ወደ ኤልኢዲ ከቀየሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ኢሊኖይ ውስጥ የደረሰ አንድ ግጭት የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ለአደጋው በምክንያትነት የተነሣው መብራቱ በበረዶ መሸፈኑ ነበር።

መብራትን የማጽዳት ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። የስዊድኑ መኪና ሠሪ ሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 ለመኪናው የፊት መብራቶች መጥረጊያ ገጥሞ ነበር። በአውሮፓ ደንብ መሠረት የአጭር መብራቱ ምንጭ ከ2,000 ሉመን በላይ ከሆነ መኪናው የመብራት ማጠቢያ ሊኖረው ይገባል። ለኤልኢዲ የተሻለው መፍትሔ ግን የጠፋውን ሙቀት መመለስ ነው። የዊስኮንሲኑ ኩባንያ ጄ ደብልዩ ስፒከር መሸፈኛቸው ራሱ የሚሞቅ መብራቶች ይሠራል፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ ሙቀት መለኪያው ማሞቂያውን ይከፍተዋል። በበረዶ አገር ከባድ መኪና እየነዳ ለሚኖር ሰው ወጪው ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ ከገበያ የተገዛ ኤልኢዲ አምፖል መክተትን ግን አልመክርም። ቤቱ ለሌላ ዓይነት ምንጭ የተሠራ ስለሆነ ብርሃኑ ይበተናል፣ ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር ዓይን ያጭበረብራል። የአሜሪካ ፌደራል የመብራት ደንብም አይፈቅደውም።

የመብራት ማሞቂያ የሌለው መኪና የሚነዳ ሰው ያለው አማራጭ እጁ ነው። ከመነሣቱ በፊት መብራቱን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረግ። የተጋገረውን ለብርድ የተዘጋጀ የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ ያላቅቀዋል። የፈላ ውኃ ማፍሰስ ክፉ ልማድ ነው፤ በድንገት የሚሞቅ ቀዝቃዛ መሸፈኛ ሊሰነጠቅ ይችላል። መሸፈኛው ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ በብረት መፋቅም ይጫጭረዋል፤ የተጫጨረ መሸፈኛ ደግሞ በበጋም ብርሃኑን ያደበዝዛል። መሸፈኛውን አስቀድሞ ሰም መቀባት በረዶው ጠብቆ እንዳይይዝ ይረዳል።

የሚኒሶታ ሕግ በረዶ ሲጥል ቀንም ቢሆን መብራት እንዲበራ ያዝዛል። በበረዶ የታፈነ መብራት ግን ቢበራም ለማንም አይታይም። ስለዚህ ለነዳጅም ሆነ ለቡና በቆማችሁ ቁጥር ዞር ብላችሁ የፊቱንም የኋላውንም መብራት ጥረጉ። የኋላውም ዛሬ አብዛኛው ኤልኢዲ ነው፤ ከኋላችሁ የሚመጣው ሹፌር የሚያያችሁ በእሱ ነው።