ላም የማይታረድባት የሙስሊሞች ከተማ - ኩዱስ

ኢንዶኔዥያ በሙስሊም ሕዝብ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም አገሮች አንዷ መሆኗ ለውድ አንባብያን አዲስ ነገር አይደለም። ኢስላም በዚያ ምድር ሥር የሰደደው እንዴት ባለ ጥበብ እንደሆነ ግን ይበልጥ የገባን በመካከለኛው ጃቫ የምትገኘውን ኩዱስ ከተማን በጎበኘንበት ጊዜ ነው። ኩዱስ ከወደብ ከተማዋ ሰማራንግ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟ ከአረብኛው «አል-ቁድስ» የመጣ ሲሆን፣ ታሪካዊው መስጊዷም «አል-አቅሷ» ተብሎ ይጠራል።

የመስጊዱ ሚናራ እንግዳን ያስገርማል። እንደለመድነው ቀጭንና ነጭ አይደለም። በቀይ ሸክላ ጡብ የተገነባ፣ 18 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ቅርጹ የጥንቱን የጃቫ ሂንዱ ቤተ መቅደስ የሚመስል ግንብ ነው። ግድግዳው ላይ የሸክላ ሳህኖች ተለጥፈውበታል። መስጊዱ በ956 ዓመተ ሂጅራ (በ1549 እ.ኤ.አ.) እንደተመሠረተ በሚሕራቡ ላይ ያለው የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል። መሥራቹ ሱናን ኩዱስ በሚል ማዕረግ የሚታወቁት ጃዕፈር ሷዲቅ ናቸው። እርሳቸውም በጃቫ ኢስላምን በማስፋፋት ከሚታወቁት «ዋሊ ሶንጎ» ወይም ዘጠኙ ወሊዮች አንዱ ነበሩ።

በዚያ ዘመን የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሂንዱና ቡድሂስት ነበር። በሂንዱዎች ዘንድ ላም የተከበረች እንስሳ ናት። ሱናን ኩዱስ ሙስሊሞቹ የጎረቤቶቻቸውን ስሜት እንዳይጎዱ በማሰብ ላም እንዳያርዱ መከሯቸው ተብሎ ይነገራል። ዛሬ ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ቢሆንም ምክሩ አልተረሳም። ብዙዎች ለዒድ አል-አድሓ እንኳ የሚያርዱት ጎሽ ነው፤ ያውም የዱሩን ሳይሆን በእርሻ ላይ የሚጠመደውን የቤት ጎሽ። ከተማዋ የምትታወቅበት «ሶቶ ኩዱስ» የተባለው ሾርባም በዶሮ ወይም በጎሽ ሥጋ ይሠራል። በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን፣ ከሩዝ፣ ከበቀለ ባቄላና ከተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ጋር ይቀርባል። እኛም ቀምሰነው ወደነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ያደረገውን መተው ሐራም ማድረግ አይሆንምን? መልሱ ቀላል ነው። የኩዱስ ሰዎች የላም ሥጋ ሐራም ነው አላሉም፤ ለጉርብትና ሲሉ ተዉት እንጂ። ጎሽም በዑለማዎች ዘንድ ከከብት የሚቆጠርና ለኡድሒያ የሚበቃ እንስሳ ነው። ስለዚህ ከዲኑ አንዳች ሳይጎድል የጎረቤት ክብር ተጠበቀ። የሰዎች ልብ ለዳዕዋ የተከፈተው በእንዲህ ዓይነቱ ሥነ ምግባር ጭምር መሆኑን ወጣቶቻችን ልብ ሊሉት ይገባል።

ከሶላት በፊት «በዱግ» የተሰኘውን ትልቅ ከበሮ መምታት በጃቫ የቆየ ልማድ ነው። ረመዳን ሲቃረብ በሚናራው አካባቢ «ዳንዳንጋን» የተባለ ሰፊ ገበያ ይቆማል፤ ስሙም ከከበሮው ድምፅ እንደመጣ ይነገራል። ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ምግብ፣ ልብስና መጫወቻ ይሸመታል። ልጆች ታላላቆቻቸውን ሲያገኙ እጃቸውን ይዘው ግንባራቸውን ያስነኩታል። ይህ በአገራችን የሽማግሌ ጉልበት ከመሳም ጋር የሚመሳሰል አደብ ነው። በተቀመጡ አዛውንቶች ፊት የሚያልፍ ሰውም ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

ይሁን እንጂ በጉዞ ያየነውን ሁሉ ይዘን አንመለስም። ከመስጊዱ ጀርባ የሱናን ኩዱስ መቃብር አለ፤ ከየአቅጣጫው ብዙ ሕዝብ ይመጣል። ቀብር መዘየር አኺራን ለማስታወስ የተፈቀደ ነው፤ ልመና ግን ለአላህ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ኩዱስ «ክሬቴክ» የሚባለው ቅርንፉድ የተቀላቀለበት ሲጋራ መነሻ ናት፤ ብዙ ቤተሰቦችም ከዚሁ ሥራ ይተዳደራሉ። ከታላላቆቹ የኢንዶኔዥያ ሙስሊሞች ድርጅቶች አንዱ የሆነው ሙሐመዲያ ግን በ2010 እ.ኤ.አ. ማጨስ ሐራም መሆኑን የሚገልጽ ፈትዋ አውጥቷል። እንግዲህ የአንድን ሕዝብ ባህል ማክበር ማለት ጎጂውንም ጠቃሚውንም ሳይለዩ መቀበል ማለት አይደለም።

ወደዚያ ለመጓዝ የሚያስብ ቤተሰብ ጨዋ ልብስ ይልበስ፤ መስጊድም ሆነ ቤት ሲገባ ጫማውን ያውልቅ፤ ምግብም ሆነ ዕቃ በቀኝ እጁ ይስጥ፣ ይቀበል። «ማቱር ኑውን» የምትለውን የጃቫ ምስጋናም ይወቅ፤ ብዙ ፊቶችን ታፈካለች። መጓዝ ያልቻለው ደግሞ ትምህርቱን በሰፈሩ ይሥራበት። ሐላላችንን ሳንተው፣ ዲናችንን ሳንሸራርፍ ለጎረቤታችን ስንል ልናቆየው ወይም ልንተወው የምንችለው ነገር ምንድን ነው? በዚህ ወር በየቤታችን ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን እንወያይበት። ወላሁ አዕለም።