ውኃው የት ይሂድ?

ስለ እርሻ ሲወራ ጆሯችን የለመደው ሁለት ነገር ነው፤ ዝናብ ጠፋ፣ ማዳበሪያ ተወደደ። ሁለቱም እውነት ናቸው። በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ እነዋሪ ዙሪያ ያለ ገበሬ ብትጠይቁ ግን ሦስተኛ ነገር ይጨምርላችኋል፤ የውኃ መብዛት። እዚያ ሰብል የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ዝናብ ስለቀረ ሳይሆን የዘነበው መሄጃ ስላጣ ነው።

ነገሩ ያለው ከአፈሩ ነው። ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተዘረጋው ያ ሜዳ አብዛኛው መረሬ ነው፤ ኮትቻ የሚሉትም አሉ። የአፈር ባለሙያዎች ቨርቲሶል ይሉታል። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሔክታር እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም በከፍተኛው የአገሪቱ ክፍል ይገኛል። እናም ጉዳዩ የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። የበቾን ሜዳ፣ አድአን፣ የጎጃምን ጥቁር መሬት የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል።

መረሬ ሁለት ጠባይ አለው። በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እግር የሚያስገባ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ በዚያ ስንጥቅ እየገባ ወደ ታች ይሰርጋል። አፈሩ በውስጡ ያለው ሸክላ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ዓይነት ስለሆነ ስንጥቁ ቀስ በቀስ ይገጥማል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው መግቢያ ያጣል፤ ሜዳው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሥር ደግሞ እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። ውኃ የተኛበት ስንዴ ቢጫ ይሆናል፣ ይቀጭጫል።

ማረሱም የዚያኑ ያህል ፈተና ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው፤ ሲርስ ማረሻውም የበሬው እግርም ላይ ይጣበቃል። በሁለቱ መካከል ያለችው ልከኛ ጊዜ አጭር ናት። በሬ የሌለው ወይም በሬ የሚጠብቅ ሰው ያቺ ጊዜ አለፈችው ማለት ነው።

በብዙ የመረሬ አገር መፍትሔው መጠበቅ ነበር። ክረምቱን መሬቱን ባዶውን አሳልፎ፣ ውኃው ሲጎድል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ መዝራት። አፈሩ የጠጣውን ቶሎ ስለማይለቅ፣ ዝናብ ካቆመ በኋላም ሰብሉን ያደርሳል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ዋጋውም ግን ቀላል አይደለም፤ ዋናው ዝናብ ያለ ሰብል ያልፋል፣ የተራቆተውን አፈር ጎርፍ ያጥበዋል። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚደርሰው ጓያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ከሆነ እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል።

የእነዋሪ ገበሬ ግን ዝም ብሎ አልጠበቀም። መሬቱን በበሬ ካረሰ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣል፤ አባት፣ እናት፣ ልጆች ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ። በመደቦቹ መካከል ቦይ ይቀራል። ዘሩ መደቡ ላይ ይበቅላል፣ ውኃው በቦዩ ይወርዳል። ማንም ባለሙያ መጥቶ ያስተማራቸው አይደለም። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን በዓይን የሚታይ ነው፤ ስንዴ በክረምቱ መሀል ቆሞ ያድጋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሥራ ለበሬ የሚያሸክም መሣሪያ አወጡ። ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን አጣምሮ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቦይ የሚያወጣ ነው፤ ዛሬም ቢቢኤም ይባላል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። የመጀመሪያው ሥሪት ግን ለበሬው ከበደ፤ ኋላ የቀለሉ ዓይነቶች መጡ። እነሱም ቢሆኑ አፈሩ ልከኛ እርጥበት ላይ ካልተደረሰበት አይሠሩም።

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ግን መሣሪያው አይደለም፤ የቦዩ መጨረሻ ነው። ውኃው ከእኔ ማሳ ወጥቶ የት ይሂድ? ማሳ እንደምታውቁት የተበጣጠሰ ነው። የላይኛው ገበሬ ቦይ ሲያወጣ፣ ውኃው የታችኛው ማሳ ላይ ይወርዳል። ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፣ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። ሁሉም ተስማምቶ ቀጥ አድርጎ ወደ ቁልቁለቱ ቢለቀው ደግሞ፣ ማፋሰሻው በጥቂት ክረምት ውስጥ ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ ማጠንፈፍ የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን አይችልም። ጎረቤታሞች በጋ ላይ ተቀምጠው፣ የጋራ ማፋሰሻው በማን ድንበር እንደሚያልፍ፣ ሣር የሚተከልበትን፣ ውኃው የሚያርፍበትን መወሰን አለባቸው። እኛ ግን የምንቆጥረው የተከፋፈለ ማዳበሪያ ኩንታል ነው፤ የተስማሙ ጎረቤቶችን የሚቆጥር አላየሁም።

ማዳበሪያውም ቢሆን ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለረጅም ዓመታት ምክሩ ለደጋም ለቆላም፣ ለቀይም ለጥቁርም አንድ ነበር፤ ለአንድ ሔክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአገሪቱን አፈር በካርታ የማስፈር ሥራ ሲጀመር ምክሩ በየአካባቢው መለየት ጀመረ፤ ደግ ነው። ነገር ግን ውኃ በተኛበት መረሬ ላይ ዩሪያ ብትበትኑ፣ ናይትሮጂኑ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይበናል፣ ከፊሉ ታጥቦ ይሄዳል። ያነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት ይህን ኬሚስትሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ «ልጄ፣ ማዳበሪያውን የምንሰጠው ለስንዴው ነው፤ የሚወስደው ግን ውኃው ነው።»

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው የምለው። በመረሬ መሬት መጀመሪያ መውጫ፣ ከዚያ መደብና ቦይ፣ ከዚያ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ። የልማት ሠራተኛው ግንቦት ላይ ወደ መንደሩ ሲወርድ «ስንት ኩንታል ትወስዳላችሁ?» ከማለቱ በፊት «ዘንድሮ ውኃችሁ በየት ይወርዳል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ከታወቀ፣ በብድር የተገዛው ማዳበሪያ ቢያንስ እህል ይሆናል። ካልታወቀ ግን ገበሬው በክረምት የጎርፍ፣ በበጋ የዕዳ ባለቤት ሆኖ ይቀራል።