የከፍተኛ ትምህርት ወጪና የተመራቂው ድርሻ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የመደበኛ ተማሪዎች የትምህርት ወጪ በአብዛኛው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይሸፈን ነበር። ይኸውም ልጁ ከኮሌጅ ያልደረሰለት ገበሬ ጭምር በሚከፍለው ግብር መሆኑ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 የወጪ መጋራትን ሥርዓት አስገባ፤ አዋጅ ቁጥር 650/2001 እና 1152/2011ም መርሑን አጽንተውታል። አፈጻጸሙን የወሰነው ደንብ ተማሪው ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ በሙሉ እንዲጋራ አደረገ።

ሆኖም ድርሻው በመግቢያ በር ላይ የሚጠየቅ ክፍያ አይደለም። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው እየተቀነሰ ይከፈላል።

ከዚህም ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የድኻ ልጅ ገንዘብ ስላጣ ብቻ ዩኒቨርሲቲ መግባትን ተስፋ እንዳይቈርጥ፣ የሚፈርመውም ውል ዕዳ መሆኑን እንዲያውቅ የ12ኛ ክፍል መምህር አስቀድሞ ሊያስረዳው ይገባል። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ የተፈረመው ውል የዘንድሮ ገንዘብ አይደለም። የመምህራን ደመወዝና የቤተ ሙከራ ዕቃ ዛሬ ይከፈላሉ፤ የተመራቂው ድርሻ ግን የሚመለሰው ሥራ ሲያገኝና አሠሪው ቀንሶ ገቢ ሲያደርግ ነው። ሥራ ያጣው ወይም ወደ ውጭ አገር የሄደው በደመወዝ መዝገብ ላይ አይገኝም። ስለዚህ የዕቅድ ባለሙያ ይህን ድርሻ በያዝነው ዓመት በጀት ላይ ቢደምረው፣ ያልታጨደን እህል ከጎተራ እንደ መቍጠር ይሆንበታል።