ሥራ ሲቋረጥ ወረቀቱስ?

ጎንደር ላይ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስደተኛ ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንዱ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ወይም በነርስነት ተመርቆ ሊድስ ወይም ቶሮንቶ የገባ ነው፤ ከተማዋ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተበት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታወጣ ኖራለች። ሌላዋ ከዳባት ወይም ከጃናሞራ ወርዳ በኤጀንሲ፣ ካልሆነም በደላላ፣ ጅዳ ሰው ቤት የገባች ናት። የሁለቱ ወሬ ግን አንድ ቡና ላይ ይገናኛል። የጅዳዋ «ከአሠሪሽ ከተለየሽ አለቀልሽ» ትላለች፤ ቤተሰቡ ይህንኑ ለሊድሱ ልጅ ደውሎ ያስጠነቅቃል። የሊድሱ ደግሞ «አምስት ዓመት ከሞላህ ቋሚ መኖሪያ አለ» ይላል፤ እናት ይህን ለጅዳዋ ታጽናናበታለች። ሁለቱም በየአገራቸው እውነት ተናግረዋል። ወሬው ድንበር ሲሻገር ነው ተረት የሚሆነው።

«አሠሪህ ካሰናበተህ ቪዛህ ያን ቀን አበቃ።» በእንግሊዝ እንዲህ አይደለም። ስኪልድ ወርከር በሚባለው ቪዛ የሚሠራ ሰው ሥራው ሲቋረጥ ስፖንሰር የሆነው አሠሪ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ቪዛውን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ለሆም ኦፊስ፣ ማሳወቅ አለበት። ሆም ኦፊስም ቪዛውን የሚያሳጥር ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ይሰጣል፤ ቪዛው ላይ የቀረው ከዚያ ካነሰ የቀረውን ያህል ብቻ። በነዚህ ቀናት ውስጥ አዲስ ስፖንሰር አግኝቶ ማመልከቻውን ያስገባ ሰው ውሳኔ እስኪያገኝ የሚቆይበት ጊዜ ሕጋዊ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ 60ው ቀን የሚቆጠረው ከደብዳቤው እንጂ ከመጨረሻው የሥራ ቀን አይደለም። ደብዳቤው ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሥራ የለቀቀ ሰው ለሆም ኦፊስ ያስመዘገበው ኢሜይልና አድራሻ የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ የተቀመጠ ደብዳቤም ይቆጥርበታል።

አምስት ዓመቱስ? ለቋሚ መኖሪያ የሚቆጠረው በሕጋዊ ፈቃድ የተቆየበት ጊዜ ነው፤ የደመወዝ ወረቀት በየወሩ አይደረደርም። ሁለት ሦስት ስፖንሰር መቀያየርም፣ በመካከላቸው ክፍተት መኖሩም፣ ፈቃዱ እስካልተቋረጠ ድረስ ቆጠራውን ከዜሮ አያስጀምርም። ፈቃድ አልቆ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ደንቡ በቂ ምክንያት ላለው ሰው የ14 ቀን መዘግየትን የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው፤ በዚያ ተማምኖ መዘናጋት ግን አያዋጣም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ተረትም አለ፤ የሚጎዳው እንዲያውም እሱ ይመስለኛል። «አምስት ዓመቴ ሞልቷል፣ አሁን ሥራውን ብለቀው ማን ይነካኛል?» ይባላል። ቋሚ መኖሪያ በሚጠየቅበት ጊዜ ስፖንሰር የሆነ አሠሪ መኖር አለበት፤ አሠሪው ሠራተኛውን ወደፊትም እንደሚፈልገውና ደንቡ የሚጠይቀውን ደመወዝ እንደሚከፍለው ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ሳይታክት ሠርቶ በመጨረሻው ወር የለቀቀ ሰው፣ በመካከል ሁለት ወር ሥራ ካጣውና ዛሬ በሥራ ላይ ካለው ሰው ይልቅ ከወረቀቱ ርቋል።

ሌላው ወጥመድ ራሱ ጎንደር ነው። ሥራው ተቋርጧል፣ አዲሱ ገና አልጀመረም፤ «እስከዚያ አገሬ ልክረም» ማለት ተፈጥሯዊ ነው። ደንቡ ግን በየትኛውም 12 ወር ውስጥ ከእንግሊዝ ውጭ ከ180 ቀን በላይ መቆየትን አይፈቅድም። ለጥምቀት መጥቶ በአባት ሕመም ምክንያት እስከ ሐምሌ መጨረሻ የቆየ ሰው መስመሩን አልፏል። የቅርብ ቤተሰብ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም እንደ በቂ ምክንያት ሊቆጠር ይችላል፤ ለዚያ ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የምስክር ወረቀት ማሰባሰብ ይከብዳል፤ ከተመለሱ በኋላ በስልክ ከማሳደድ ግን ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ደንቡ ባለበት እስከቆየ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ መደበኛውን የ5 ዓመት ቆይታ ወደ 10 ዓመት ለማሳደግ ማቀዱን አስታውቋል። ማመልከቻ ለማስገባት የተቃረበ ሰው ስለዚህ ወንድሙ ከሦስት ዓመት በፊት የሄደበትን መንገድ ሳይሆን የዕለቱን ደንብ ማየት አለበት። ለአረጋውያን ድጋፍ ሰጪነት ከውጭ አገር ሠራተኛ መቅጠርም ከሐምሌ 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል። ዛሬም «የኬር ቪዛ አለ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ካለ የሚሸጠው የሌለ ዕቃ ነው።

አሜሪካ ላይ የተረቱ መልክ ይለያል፦ «ግሪን ካርድ የጀመረልህ አሠሪ ከተለየህ ፋይልህ ተቀደደ።» በሥራ በኩል የሚገኘው ግሪን ካርድ በመሠረቱ ወደፊት ለሚሠራ ሥራ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። የአሠሪው ጥያቄ ጸድቆ 180 ቀን ካለፈው በኋላ አሠሪው ቢያነሳው እንኳ በዚያ ምክንያት ብቻ አይሰረዝም፤ አመልካቹም የወረፋ ቀኑን ይዞ ይቀጥላል። የግሪን ካርዱ የራሱ ማመልከቻ ገብቶ 180 ቀን ከሞላው ደግሞ ወደ ተመሳሳይ ሥራ መዛወር ይቻላል። ኤች ዋን ቢ ቪዛ ላይ ያለ ሠራተኛ ሥራው ሲቋረጥ እስከ 60 ቀን የመቆያ ጊዜ አለው። ቆጠራው የሚጀምረው ግን እንደ እንግሊዝ ከደብዳቤ ሳይሆን ሥራው ካበቃበት ቀን ነው፤ ማንም ደብዳቤ አይልክም። ሊድስ ያለ ዘመድ ለዳላስ ዘመዱ የሚሰጠው ምክር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ከጎንደር ተመርቀው አሜሪካ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በጄ ዋን ቪዛ የሚወስዱ ሐኪሞች ጉዳይ ግን ጠበቅ ይላል። ከሥልጠናው በኋላ ሁለት ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ አለባቸው። በኮንራድ ፕሮግራም ከዚህ ነፃ የሚሆኑት ሐኪም በሚያጥርበት አካባቢ ሦስት ዓመት ሙሉ ጊዜ ለመሥራት ተስማምተው ነው። እዚህ «ክፍተት አይጎዳም» ብሎ መጽናናት አያዋጣም፤ ያለ በቂ ምክንያት ያቋረጠ ሐኪም የሁለት ዓመቱ ግዴታ ይመለስበታል። ሆስፒታሉ ቢዘጋ እንኳ የቀረውን ጊዜ የሚጨርሰው ሐኪም በሚያጥርበት ሌላ ቦታ ነው።

ወደ ጅዳዋ እህት እንመለስ። «አሥር ዓመት ያገለገለች እንዴት ወረቀት አይሰጧትም?» አይሰጧትም። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደሰው በካፊሏ፣ ማለትም ባስመጣት አሠሪ፣ በኩል ነው፤ ዓመቶቿ አይደመሩም፣ አሥር ሆኑ ሃያ ወደ ቋሚ መኖሪያ አያደርሷትም። ሳውዲ በ2019 እ.ኤ.አ. የከፈተችው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጀመር ለገንዘበኞች የታሰበ ነበር፤ ጊዜ የማይወሰንለት ዓይነት 800,000 ሪያል ይጠይቃል። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ ሴት ሳትበላ፣ ለቤተሰብ ሳትልክ ከ66 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ኳታር በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግም ውጭ ለተወለደ ሰው የ20 ዓመት ተከታታይ ቆይታ ይጠይቃል፤ በዓመት የሚሰጠውም ለ100 ሰው ነው።

ስለዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ ስለ ሥራ ክፍተት የሚነሳው ጥያቄ የቋሚ መኖሪያ ጥያቄ አይደለም። ከካፊሏ ቤት ወጥታ «ጠፍታ» የምትሠራ ሴት ሁሩብ፣ ማለትም ከአሠሪ የጠፋች፣ ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ መታሰርና መጠረዝ ይከተላል። ኳታር ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኞችም ጭምር ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ ፈቅዳለች። ሳውዲ በ2021 እ.ኤ.አ. ያደረገችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ለዚህች ልጅ ቤተሰቡ ሊጠይቃት የሚገባው ስለ አምስት ዓመት ሳይሆን ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለ፣ ደመወዟ እንደተከፈላት፣ ኢቃማዋ መቼ እንደሚያልቅ ነው።

ሪያድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ የሆነችው የአጎት ልጅ ግን ሌላ ስሌት አላት። ሳውዲ ወረቀት ባትሰጣትም የሠራችባቸውን ዓመታት ካናዳ ልትቆጥርላት ትችላለች። የካናዳ ደንብ ራሱ ሁለት ቆጠራ አለው። ከውጭ አገር በፌዴራል የሙያተኞች መስመር የሚያመለክት ሰው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ያልተቋረጠ የሙያ ሥራ ማሳየት አለበት። ካናዳ ውስጥ በተገኘ ልምድ የሚያመለክት ግን ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ በድምሩ 1,560 ሰዓት ከሞላለት በቂ ነው፤ በመካከል ቢቆራረጥም ይደመራል። ጀርመንም እንዲሁ የጡረታ መዋጮ የተከፈለባቸውን ወራት ስለምትቆጥር ክፍተቱ ያዘገያል እንጂ የኋላውን አይሰርዝም።

ካናዳ ላይ የሚሰማው ተረት ደግሞ «ክፍተቱን ሙላው፣ ማን ያያል?» የሚለው ነው። ቅጹ ያለፉትን 10 ዓመታት ያለ ምንም ክፍተት ይጠይቃል፤ ሥራ ያልነበረበት ወር «ሥራ አልነበረኝም» ተብሎ ይጻፋል። ሥራ መፍታት አያስቀጣም። ሆስፒታል ያለ ጓደኛ በወንድማዊነት የጻፈው የስምንት ወር የሥራ ልምድ ግን በሐሰት ማስረጃነት ከተያዘ ለ5 ዓመት ያሳግዳል።

ማንም ሳይዋሽ በወረቀት ላይ ብቻ የሚፈጠር ክፍተትም አለ። አንዲት ነርስ ከመጀመሪያ ሥራዋ የለቀቀችው ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው እንበል፤ አዲሱን የጀመረችው በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 2011። ተርጓሚው በሁለቱም ላይ 8 ይደምራል። የመጀመሪያው መስከረም 10 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ሆኖ በትክክል ይወጣል፤ ሁለተኛው ግን 2018 መሆን ሲገባው 2019 ይሆናል። አንድ ቀን ያላረፈች ሴት አንድ ዓመት ሥራ ፈት ሆነች። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው።

ስለዚህ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ማዕረግና ሁለት ቀን ብቻ የያዘው የተለመደው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይበቃም። በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፉ ቀኖች፣ የሥራው ዝርዝር፣ የሳምንቱ ሰዓትና ደመወዝ ይኑሩበት፤ የፈራሚው ስምና ስልክም። የተሳሳተው ትርጉም ቀድሞ ገብቶ ከሆነ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ከዋናው ደብዳቤ ጋር አያይዞ ማረሚያ መላክ ይቻላል።