ትልቅ ፋይል በመልእክት መንገድ

ሐሮ ማለት በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። የሐሮ ወንጪን ገደል፣ ደሴቱንና የቂርቆስን ገዳም በቪዲዮ የቀረጸ ሰው ሥራውን አምቦ ላለ ጓደኛው ለመላክ ሲያስብ፣ በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ቴሌግራም ነው። ለአጭር መልእክትና ለፎቶግራፍ መንገዱ የተመቸ ነው፤ ፋይሉ ሲገዝፍ ግን ችግር ይከተላል።

የዚህ ዓይነቱ ልውውጥ የቆየ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1988 በፊንላንድ የተጀመረው አይ.አር.ሲ. የተባለው የጽሑፍ መወያያ ነው። በኋላ በተጨመረለት ዲ.ሲ.ሲ. በተባለ ዘዴ ተወያዮች ፋይል በቀጥታ ይለዋወጡ ጀመር። ተቀባዩ ኮምፒዩተር ምን ያህል ባይት እንደ ደረሰው ለላኪው በየጊዜው ያስታውቃል። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር የሚጻፈው በአራት ባይት ብቻ ስለ ነበር ከ4,294,967,295 ማለፍ አይችልም። ከዚያ ሲያልፍ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ላኪውም የደረሰውን ካልደረሰው መለየት ይቸግረዋል። ከሁለቱ የአንዱ መስመር ከተቋረጠም ዝውውሩ ይቆማል፤ ካቆመበት የመቀጠል ስልት የተገኘው ዘግይቶ ነው።

ቴሌግራም ፋይሉን በራሱ ማከማቻ ስለሚያኖር ላኪና ተቀባይ በአንድ ጊዜ መገኘት አያስፈልጋቸውም። ሆኖም ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው 2 ጊጋባይት፣ ለሚከፍሉ ደንበኞች ደግሞ 4 ጊጋባይት ነው። ፋይሉን ከፋፍሎ መላክ ከገደቡ ያሳልፋል፤ ጊዜውን ግን አያሳጥርም። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር 16 ጊጋባይት ለማውረድ 128,000 ሴኮንድ፣ ይኸውም ከ35 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ፍላሹን በኪሱ ይዞ ከወንጪ በፈረስ የተነሣ ሰው እንኳ ቀድሞ አምቦ ይገባል።