ፖሊሲን ከኦሞ ዳር መማር

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የኦሞ ሰው የዓመት ቆጠራ ግን በወንዙ ነበር። ኦሞ ክረምት ላይ ሞልቶ ሲሸሽ ዳሰነች፣ ካራ፣ ኛንጋቶምና ሙርሲ የተባሉት የዳሩ ሕዝቦች ደለሉ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በታኅሣሥ 2009 የተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ከተሠራ ወዲህ ያ ሙላት ቀረ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወንዙና የቱርካና ሐይቅ የዳሰነችን ቀበሌዎች አጥለቅልቀው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቀሉ። ሲጠበቅ የቀረው ውኃ ሳይጠበቅ መጣ።

እንዲህ ላለ አገር ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ የት ይሠልጥን? መልሱ ጂንካ ነው። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩ በደጁ ነው። ችግሩ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የተግባር ልምምድ ነው። ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ፋይል ያስተካክላል፣ የሌላ ሰው ሪፖርት ይተይባል፣ በመጨረሻው ቀን የምዘና ቅጹን አስፈርሞና ማኅተም አስመትቶ ይሄዳል። አንድ ውሳኔ እንዴት እንደተወሰነ ግን ሳያይ ይመረቃል።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አገራችን ታውቃለች። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ሕዝቡ መካከል አሠልጥኗል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ አደረገ። በታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ገጠር አወጣ፤ ይሁንና የማዕከላዊ መንግሥቱን መመሪያ ይዞ የወረደው ዘማች ከባለሥልጣናት ጋር ተጋጨ፣ ብዙዎችም ሳይጨርሱ ተበተኑ። የጎንደርና የዘመቻው ልዩነት ግልጽ ነው፤ ጎንደር ተማሪውን አሠልጣኝ ባለበት ቦታ፣ በታወቀ ሥራ ላይ አሰማራ። ዘመቻው ግን አዋጅ አሸክሞ ላከ።

ለጂንካ የሚበጀው የጎንደሩ ነው። ተማሪ ከመላ አገሪቱ ስለሚመደብ፣ የሐመርን ወይም የዳሰነችን ቋንቋ የሚናገር የአካባቢው ልጅና ከሩቅ የመጣ ጓደኛው በጥንድ ይመደቡ። ጊዜው ወረዳው በጀቱን በሚያዘጋጅባቸው፣ ከሐምሌ በፊት ባሉት ወራት ይሁን። ሥራው ተለይቶ ይሰጣቸው፦ የተፈናቀሉት የት እንደሰፈሩ፣ ከብቶቻቸው የት እንደሚሰማሩ፣ ሴቶች ውኃ ከየት እንደሚቀዱ ከሽማግሌዎችና ከሴቶቹ ጠይቀው ይመዝግቡ።

ይህ ያለ አበልና ያለ ኃላፊ አይሆንም። ከጂንካ ዳሰነች ወረዳ ውስጥ እስካለችው ኦሞራቴ መሄጃ ገንዘብ የሌለው የድሃ ልጅ ዕድሉ ያመልጠዋል፤ የሚከታተለው ባለሙያ ከሌለም ተመልሶ ፋይል አስተካካይ ይሆናል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ወረዳው ባለሙያ፣ ክልሉ በጀት ይመድቡ። የተማሪዎቹ ጽሑፍ ደግሞ ለውጤት ብቻ ታርሞ መደርደሪያ ላይ አይቅር፤ በጀት ከመጽደቁ በፊት ለወረዳው ምክር ቤት ይቅረብ፣ ምክር ቤቱም የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይመልስላቸው።